በሦስት ቀን ማለቅ ያለበት ቢራ፦ የእንግሊዝ የሰፈር ፐቦች ለምን ይዘጋሉ?

በ2000 በመላው ብሪታንያ 60 ሺህ ያህል ፐቦች፣ ማለትም የእንግሊዝ ዓይነት መጠጥ ቤቶች፣ ነበሩ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 45 ሺህ ወርዷል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ያሉት በ2024 መጨረሻ ከ39 ሺህ በታች ነበሩ። በየዓመቱ የሚሰጠው ምክንያት ይታወቃል፦ ታክሱ፣ የመብራትና የጋዝ ሂሳቡ፣ የሱፐርማርኬቱ ርካሽ ቢራ፣ በ2007 የመጣው የሲጋራ ክልከላ፣ ወጣቶች መጠጥ መቀነሳቸው። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን መንገድ ማዕዘን ላይ ያለችውን፣ ምግብ ሳይሆን መጠጥ የሚያኖራትን፣ የአካባቢው ጠማቂ የሠራውን ቢራ በእጅ ፓምፕ እየሳበች የምትሸጠውን ትንሽ ፐብ ለይቶ የሚመታት ሌላ ነገር አለ። የምትሸጠው ቢራ ሕያው ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ታክሱም፣ ኪራዩም፣ የደንበኛው መቀነስም እሷን አጥብቆ የሚይዛት በዚህች የሦስት ቀን ገደብ በኩል ነው።

እንግሊዞች ሪል ኤል ወይም ካስክ ኤል የሚሉት ይህ ቢራ ከጠማቂው ቤት ሲወጣ ገና ሥራው አላለቀም። እርሾው አልተጣራለትም፣ በሙቀትም አልተገደለም። በርሜሉ ውስጥ ሆኖ የቀረችውን ጥቂት ስኳር እየበላ ለሁለተኛ ጊዜ ይብላላል፤ አረፋ የሚሰጠውን ጋዝም ራሱ ይፈጥራል። ጠላ ሲጠመቅ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አተላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለው ይጠራል፣ እንስራው ከተከፈተ በኋላ በቆየ ቁጥር ደግሞ እየኮመጠጠ ይሄዳል። በጌሾ ፈንታ ሆፕስ ይገባበታል እንጂ የመብላላቱና የመበላሸቱ ሕግ አንድ ነው። ኬግ የሚባለው የብረት በርሜል ግን ከዚህ ይለያል። የኬግ ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ተጣርቶ፣ ብዙ ጊዜም በሙቀት ታክሞ ይታሸጋል። ከዚያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ወደ ብርጭቆ ስለሚወጣ አየር አይነካውም፤ ዕድሜውም ከካስክ ብዙ እጥፍ ይረዝማል።

በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ጠማቂዎች ኬግን በየፐቡ እያስገቡ ካስክን ሊያጠፉት ተቃርበው ነበር። በ1971 አራት ወጣት እንግሊዛውያን ለእረፍት አየርላንድ በሄዱበት ካምራ የተባለውን የሸማቾች ንቅናቄ መሠረቱ። ሪል ኤል የሚለውን ስም ያስለመደውና ትርጉሙንም ያስቀመጠው ካምራ ነው፤ በሚቀዳበት በርሜል ውስጥ ዳግም የተብላላ፣ ከውጭ የመጣ ጋዝ ሳይጫነው የሚቀርብ ቢራ ማለት ነው። ንቅናቄው ቢራውን ከመጥፋት አድኖታል። ዛሬ ግን በብሪታንያ ፐቦች ከሚሸጠው ቢራ ውስጥ የካስክ ድርሻ ከ10 በመቶ ያነሰ ነው።

ምድር ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

የካስክ ቢራ ግማሹ ጥራት የሚወሰነው በጠማቂው እጅ ሳይሆን በባለ ፐቡ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የተለመደው በርሜል ፈርኪን ይባላል፤ 9 ጋሎን ወይም 41 ሊትር ያህል ሲይዝ በፓይንት ሲለካ 72 ይሆናል። እጥፉ ኪልደርኪን፣ ግማሹ ደግሞ ፒን ነው። ፒን 20.5 ሊትር ወይም 36 ፓይንት ይይዛል፤ ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን።

በርሜሉ እንደደረሰ በሆዱ ይጋደምና እንዳይንቀሳቀስ በሽብልቅ ይደገፋል። ከዚያ በኋላ መነካካት የለበትም፤ አተላው በተነቃነቀ ቁጥር ለመጥራት የሚፈልገው ጊዜ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ከዚህ ሲሞቅ እርሾው ይነቃቃል፣ ቢራው አረፋ ብቻ ይሆናል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ደግሞ በቅዝቃዜ ምክንያት ይደፈርሳል፤ የሆፕሱና የብቅሉ ጣዕምም ይደበቃል። «እንግሊዞች ቢራ የሚጠጡት ሞቅ አድርገው ነው» የሚለው ወሬ መነሻው ይኸው ነው። በደንብ የተያዘ ካስክ ቢራ ቀዝቀዝ ያለ ነው እንጂ ሞቃት አይደለም፤ በእጅ ሲያዝ ሞቅ የሚል ብርጭቆ ከመጣ ምድር ቤቱ ችግር አለበት ማለት ነው።

ከላይ በኩል ባለው መክደኛ፣ ሻይቭ ይሉታል፣ መሐል ላይ ለስላሳ የእንጨት ውታፍ በመዶሻ ይመታል። እንጨቱ አየር ስለሚያሳልፍ ትርፉ ጋዝ አረፋ እየሆነ ይወጣል። ጥሩ ባለ ሙያ አረፋውን በንጹሕ ጨርቅ ይጠርግና ተመልሶ እስኪወጣ ይቆጥራል። ወዲያው ከተመለሰ ቢራው ገና ነው፤ ጥቂት ሰከንድ ከፈጀ ግን ተረጋግቷል። ያኔ ለስላሳው ውታፍ ይነሳና አየር የማያሳልፍ ጠንካራ ውታፍ ይገባል፤ የቀረው ጋዝ ቢራው ውስጥ እንዲቆይ ማለት ነው። የሚፈለገው የጋዝ መጠን ከቢራው ይዘት 1 ወይም 1.2 እጥፍ ያህል ነው፤ ለንጽጽር ላገር በሚባለው ቀዝቅዞ በሚጠጣው የተለመደ ቢራ ላይ ከ2.4 በላይ ይሆናል። ለስላሳውን ውታፍ ሌሊቱን ሙሉ ረስቶ የተወ ሰው በማግስቱ የሚያገኘው የሞተ ቢራ ነው። ያለ ጊዜው በጠንካራ የደፈነው ደግሞ ፓምፑን ሲስብ ከቢራ ይልቅ አረፋ ይቀዳል።

ከዚህ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይጠበቃል። አተላውን ወደ ታች የሚጎትተው አይዚንግላስ የተባለ ማጥሪያ ነው፤ ከዓሣ የአየር ከረጢት ይሠራል። በጾምም ሆነ በሌላ ምክንያት ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የማይቀምስ ሰው ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ማጥሪያ የማይጨምሩ ጠማቂዎች እየበዙ ስለሆነ ባንኮኒው ላይ ቢጠይቅ ይነገረዋል፤ እንዲህ ያለው ቢራ ትንሽ ደመና ቢኖረው ጉድለት አይደለም። ቧንቧው የሚገባው ከፊት ባለው መክደኛ በኩል ነው። ተዘግቶ፣ ታጥቦ፣ በአንድ ጠንካራ ምት ይገባል። በሁለትና በሦስት ደካማ ምት የሚታገል ሰው ቢራውን ወለሉ ላይ ያፈሰዋል፤ አተላውንም ይበጠብጠዋል። ቀጥሎ ይቀዳል፣ በብርሃን ይታያል፣ ይሸተታል፣ ይቀመሳል፤ ከዚያ ወዲያ ነው ከፓምፑ ጋር የሚገናኘው።

አሁን ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። እያንዳንዱ ፓይንት ሲሳብ በቦታው አየር ይገባል። የመጀመሪያው ቀን አየር ክፉ አይደለም፤ ጣዕሙን ያለሰልሰዋል የሚሉም አሉ። በሁለተኛውም ቀን ቢራው ደህና ነው። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን የሆፕሱ መዓዛ ይጠፋል፣ ጋዙ ያልቃል፣ ባክቴሪያው አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ መለወጥ ይጀምራል። በርሜሉ ግማሽ ገደማ ሲደርስ ከኋላ በኩል ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል በዝግታ ከፍ ይደረጋል። ሊያልቅ ሲል የሚያነሳው ሰው አተላውን ወደ ብርጭቆ ይልከዋል።

በበርሜሉና በፓምፑ መካከል ያለው ቱቦም የራሱ ወጪ አለው። የተለመደው 9.5 ሚሊ ሜትር ቱቦ በየ8 ሜትሩ አንድ ፓይንት ይይዛል፤ ሌሊቱን ቱቦ ውስጥ ያደረው ቢራ ጠዋት መደፋት አለበት። ቱቦው በየሰባት ቀኑ በኬሚካል ካልታጠበ ውስጡ እርሾና ባክቴሪያ ይጋግርበትና ምንም ያህል ጥሩ በርሜል ቢገጠምለት የሚወጣው ቢራ የቅቤ ወይም የኮምጣጤ ሽታ ይዞ ይወጣል። የመጀመሪያዋን አንድ ፓይንት መድፋት የሚያሳሳው ባለ ፐብ በዚያች ቀን የመጀመሪያ ደንበኛውን ያጣል፤ ይህ ስሌት በየሰፈሩ ሲሳሳት ይታያል።

የ72 ፓይንት ሂሳብ

ከፈርኪኑ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ከአተላው ጋር ስለሚቀር ለሽያጭ የሚበቃው 69 ወይም 70 ፓይንት ነው። በሦስት ቀን ለመጨረስ በቀን 23 ገደማ መሸጥ ያስፈልጋል፤ በአንድ ፓምፕ ማለት ነው። ሦስት ፓምፕ ያላት ፐብ በቀን 70፣ ስድስት ያላት 140 ፓይንት ካስክ ቢራ መሸጥ አለባት፤ ሰኞና ማክሰኞም ጭምር። ብዙ የሰፈር ፐቦች በሳምንቱ መጀመሪያ ይህን ግማሹን እንኳ አይሸጡም።

በቀን አሥር ፓይንት ብቻ የሚሸጥበትን ፓምፕ እንውሰድ። በሦስተኛው ቀን ማታ 30 ተሽጧል፣ 40 ቀርቷል። ባለ ፐቡ ሁለት ምርጫ አለው፤ 40ውን ይደፋና በዚያ በርሜል ይከስራል፣ ወይም እስከ ሰባተኛው ቀን ይሸጠዋል። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አይገርምም። ያን የኮመጠጠ ፓይንት የቀመሰ ደንበኛ ግን ቅሬታ አያሰማም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ላገር ያዛል። የቀኑ ሽያጭ ከአሥር ወደ ስምንት ይወርዳል፣ ቢራውም ይበልጥ ይቆያል። ካስክን የሚገድለው ይህ ቀለበት ነው፤ የማስታወቂያ እጥረት አይደለም።

ስለዚህም ብዙ ፓምፕ መደርደር የጥራት ምልክት ነው ብሎ ማሰብ ትልቅ ስህተት ነው። ሁለት ፓምፕ ኖሯት ሁለቱንም ትኩስ የምታቀርብ ፐብ ስምንት ደርድራ አምስቱ ከደከሙባት ትበልጣለች። ይህን ባለ ፐቦቹም ያውቃሉ፤ ሆኖም ምርጫ ያጣ ደንበኛ ይሄድብኛል የሚል ስጋት ያሸንፋቸዋል።

ሌላ መላ ካስክ ብሪዘር የሚባለው ነው። የወጣውን ቢራ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያለ ግፊት፣ በአየሩ ፋንታ ወደ በርሜሉ የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ ነው። ቢራውን ለተጨማሪ ቀናት ያቆየዋል። ካምራ ለአሥርት ዓመታት ሲቃወመው ቆይቶ በ2018 ተቃውሞውን ትቷል። መተዉም ተገቢ ነበር። ደንበኛ ለሚበዛበት ቤት አያስፈልግም፤ ማክሰኞ ማታ አሥር ሰው ለሚገባባት የገጠር ፐብ ግን ካስክን በማቆየትና ፓምፑን በመንቀል መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ፐብ የሚገባ ሰው ማወቅ ያለበት

እንዲህ ያለ ቤት ሲገቡ አስተናጋጅ ወደ ጠረጴዛ አይመጣም፤ ወደ ባንኮኒው ሄደው ያዝዛሉ፣ ወዲያው ይከፍላሉ። ሰልፍ የለም፤ ነገር ግን ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ተራው ያልደረሰ ሰው ገንዘብ እያወዛወዘ መጥራትም ነውር ነው። ጉርሻ አይጠበቅም። በቡድን የመጡ ሰዎች በየተራ ለሁሉም ያዛሉ፤ ተራው ደርሶ ዝም ያለ ሰው ይታወቅበታል። አልኮል የማይጠጣም ሰው ለስላሳ ይዞ መቀመጥና ሰፈሩን ማወቅ ይችላል፤ ተራ የመግዛት ደንቡ ግን እሱንም ይመለከተዋል።

እጅ ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ክሊፕ የቢራውን ስም፣ ጠማቂውንና የአልኮል መጠኑን ይናገራል። ክሊፑ ወደ ኋላ ከዞረ ያ ቢራ አልቋል ወይም ገና አልጠራም። መጠኑ በሕግ የተወሰነ ነው፦ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር፣ ግማሽ፣ ሲሶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ። ከማዘዝዎ በፊት ትንሽ ለመቅመስ መጠየቅ የተለመደ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን «የቱ ነው ዛሬ በብዛት እየተሸጠ ያለው?» የሚለው ነው፤ ከላይ ያየነው ሂሳብ መልሱን ይሰጥዎታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው የአልኮል መጠኑ 4 በመቶ ገደማ ከሆነ ቢተር፣ መረር ከሚለው የእንግሊዝ ኤል፣ ቢጀምር ይሻለዋል። በደቡብ የሉዊሱ የሃርቪስ ሰሴክስ ቤስት፣ በሰሜን የኪትሊው የቲሞቲ ቴይለር ላንድሎርድ፣ በመሃል እንግሊዝ ባለው ብላክ ካንትሪ ደግሞ የባተምስ ቤስት ቢተር ለዘመናት የቆመ ስም አላቸው፤ ሦስቱም በትውልድ አካባቢያቸው ቢጠጡ የተሻለ ነው።

ዮርክሻየር ውስጥ አረፋው ወፍራም ክሬም፣ ለንደን ውስጥ ስስ ሆኖ ቢያገኙት ሁለቱም ልክ ናቸው። የሰሜኑ ሰዎች በፓምፑ አፍ ላይ ስፓርክለር የሚባል ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው መክደኛ ይገጥማሉ፤ ቢራው በዚያ ሲጨመቅ ጋዙ ወጥቶ አረፋ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይለሰልሳል። የደቡቡ ቢራ ያለ እሱ ይቀዳል። አረፋው ብርጭቆውን ከመጠን በላይ ከያዘ እንዲሞላልዎት መጠየቅ መብት ነው። ቢራው ኮምጣጤ ከሸተተ ወይም ያለ ምክንያት ከደፈረሰ ሳይጎድል መልሰው ይስጡት፤ ጥሩ ቤት ያለ ክርክር ይለውጠዋል። በጠመቃ ከታወቀችው ከበርተን ከተማ አካባቢ በመጣ ቢራ ላይ ለአፍታ የምትሰማ የእንቁላልና የክብሪት ሽታ ግን ብልሽት አይደለችም፤ በውሃው ውስጥ ካለው ጂፕሰም የምትመጣና ወዲያው የምትጠፋ ናት።

ቢራውን የሚመርጠው ማን ነው?

የአንድ ከተማ ጠማቂ በአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ላለች ፐብ ቢራውን መሸጥ የማይችልበት ምክንያት ለእንግዳ ሰው ግራ ያጋባል። መልሱ ታይ የሚባለው ውል ነው፤ ባለ ቤቱ ፐቧን ሲያከራይ ቢራውንም ከእኔ ብቻ ግዛ ይላል። በ1980ዎቹ ስድስት ግዙፍ ጠማቂዎች የአገሪቱን ፐቦች ትልቅ ክፍል በዚህ መልክ ይዘው ነበር። በ1989 መንግሥት ቢር ኦርደርስ የተባለውን ደንብ አወጣ። ከ2,000 በላይ ፐብ ያለው ጠማቂ ከዚያ ከበለጠው ግማሹን ከውሉ ነጻ እንዲያደርግ፣ ተከራዮችም አንድ የካስክ ቢራ ከፈለጉት ጠማቂ እንዲገዙ የሚል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ጠማቂዎቹ ፐቦቹን በጅምላ ሸጡ፤ የገዟቸው ምንም የማይጠምቁ የንብረት ኩባንያዎች ነበሩ። በብድር የተገዛውን ንብረት ለመክፈል ኪራዩን ከፍ አደረጉ፣ ቢራውንም ከገበያ በላይ በሆነ ዋጋ ለተከራዮቻቸው ሸጡ። ደንቡ በ2003 ተሻረ፤ ታዩ ግን ቀረ።

በ2016 የወጣው የፐቦች ሕግ 500ና ከዚያ በላይ በታይ ውል የታሰሩ ፐቦች ያሏቸውን ኩባንያዎች ይመለከታል፤ ተከራዩ በተወሰኑ ጊዜያት ከቢራው ውል ወጥቶ የገበያ ኪራይ ብቻ እንዲከፍል መብት ይሰጣል። በወረቀት ጠንካራ ነው። በተግባር ግን ድርድሩ ረጅም ነው፤ የሕግ ባለሙያ ይጠይቃል፣ ኪራዩም ስለሚጨምር ትንሿ ፐብ ብዙ ጊዜ ትተወዋለች። ውጤቱን ከሦስት ቀኑ ሂሳብ ጋር ያያይዙት። ተከራዩ በርሜሉን ውድ ስለሚገዛ ከሱ የሚደፋው እያንዳንዱ ፓይንት የበለጠ ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ አይደፋም፤ ስለዚህ የደከመ ቢራ ይሸጣል።

ታክሱም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አንድ ፓይንት በ5 ፓውንድ ተሸጠ እንበል። 83 ሳንቲሙ የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ቢራው 4 በመቶ ከሆነ በ2025 ተመን ሌላ 43 ሳንቲም ያህል የአልኮል ታክስ ነው፤ አነስተኛ ጠማቂዎች ከዚህ ቅናሽ አላቸው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ አሠሪ የሚከፍለው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ከ13.8 ወደ 15 በመቶ ሲያድግ መክፈል የሚጀመርበት የደሞዝ ወለል ከ9,100 ወደ 5,000 ፓውንድ ወረደ። ይህ በተለይ የትርፍ ሰዓት ሠራተኞች ላይ የቆመውን የፐብ ሥራ ጎድቶታል። በዚያው ወር የንግድ ቤት ግብር ቅናሹ ከ75 ወደ 40 በመቶ ተቀነሰ።

መንግሥት ያደረገው አንድ ጥሩ ነገር መነገር አለበት። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በበርሜል የሚቀዳ ቢራ ከጠርሙስና ከጣሳው ያነሰ ታክስ ይከፈልበታል፤ ከየካቲት 2025 ወዲህ ልዩነቱ 13.9 በመቶ ሆኗል። መጀመሪያ የታሰበው ቅናሹ 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚይዝ በርሜል ብቻ እንዲሆን ነበር። ይህ ቢጸድቅ 20.5 ሊትሩ ፒን ውጭ ይቀር ነበር፤ ከተቃውሞ በኋላ ወለሉ ወደ 20 ሊትር ወረደ። በአዲሱ ሥርዓት ከ3.5 በመቶ በታች የሆነ ቢራ ታክሱ በጣም ስለሚቀንስ ቢራቸውን ወደ 3.4 ያወረዱ ጠማቂዎች ብዙ ናቸው፤ በ3.4 በመቶ የተጠመቀ ፓይንት በዚያው ተመን የሚከፈልበት 16 ሳንቲም ገደማ ነው። በዝቅተኛ አልኮል ጣዕም ማውጣት ከባድ ጠመቃ ነው፤ እንግሊዞች ግን በዚህ የረጅም ዘመን ልምድ አላቸው።

ሕንጻው ሲፈለግ

አንዳንድ ፐብ የሚዘጋው ቢራው ስላልተሸጠ አይደለም፤ የቆመበት መሬት ከንግዱ በላይ ስለሚያወጣ ነው። ምዕራብ ለንደን ኪልበርን አካባቢ ያለው ካርልተን ታቨርን ዝነኛው ምሳሌ ነው። በሚያዝያ 2015፣ ሕንጻው ጥበቃ ሊሰጠው ውሳኔ ሲጠበቅ፣ ባለ ንብረቱ ያለ ፈቃድ አፈረሰው። የዌስትሚንስተር ምክር ቤት እንደነበረ አድርገህ መልሰህ ሥራው ብሎ አዘዘ፤ ቅርስ ጠባቂው አካል አስቀድሞ ዝርዝሩን መዝግቦ ስለነበር የሚቻል ሆነ፤ በ2021ም ተከፈተ። በነሐሴ 2023 ደግሞ በማዕድን ቁፋሮ ምክንያት አዘንብሎ የቆመው የስታፎርድሻየሩ ክሩክድ ሃውስ በተሸጠ በሳምንታት ውስጥ ተቃጠለ፣ በሁለት ቀን ውስጥም ፈረሰ። የአካባቢው ምክር ቤት በ2024 ዳግም እንዲሠራ ትእዛዝ ሰጥቷል።

ከ2017 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ፐብን ያለ ፕላን ፈቃድ ማፍረስም ሆነ ወደ ሌላ አገልግሎት ማዞር አይቻልም። በ2011 ሕግ መሠረት ነዋሪዎች ፐባቸውን የማኅበረሰብ ሀብት ብለው ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ባለቤቱ ሊሸጥ ሲል ገንዘብ እንዲያሰባስቡ ስድስት ወር ይሰጣቸዋል። ደቡብ ለንደን ነንሄድ ውስጥ ያለው አይቪ ሃውስ በዚህ መልክ የተመዘገበ የመጀመሪያው ፐብ ነው፤ በ2013 ነዋሪዎቹ ገዝተውት 371 ባለ አክሲዮኖች ያሉት የኅብረት ሥራ ፐብ ሆኗል። የሕጉ ድክመት ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ስድስት ወር ይጠብቅ እንጂ ለነዋሪዎቹ የመሸጥ ግዴታ የለበትም። በ2025 ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ነዋሪዎች የመጀመሪያ የመግዛት መብትና 12 ወር እንዲሰጣቸው ይላል፤ ስድስት ወር ሲያልፍባቸው ፐባቸውን ላጡ ሰፈሮች ትልቅ ለውጥ ነው።

ሌላው አደጋ ከላይ ነው የሚመጣው። ካርልስበርግ ማርስተንስ የተባለው ግዙፍ ጠማቂ በ2024 መጀመሪያ በበርተን ያለውን የዩኒየን ሥርዓት እንደሚያቆም አስታወቀ። ይህ ሥርዓት በረድፍ የተያያዙ የኦክ በርሜሎች ሲሆኑ፣ የሚብላላው ቢራ እርሾውን በላይኛው ቱቦ ወደ ገንዳ እየገፋ ራሱን የሚያጠራበት ነው። ከበርሜሎቹ አንዱ ረድፍ ደርቢሻየር ባለው የቶርንብሪጅ ጠማቂ ቤት ተተክሎ ሥራ ላይ ውሏል። ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንክስስ ማይልድንና ቦምባርዲየርን ጨምሮ በርካታ የቆዩ የካስክ ቢራዎችን ማምረት አቆመ። ከዚህ ይበልጥ ያከራከረው «ትኩስ ኤል» ብሎ ያቀረበው ነው፤ ከኬግ የሚመጣ ቢራ በእጅ ፓምፕ ይቀዳል። ካምራ ሸማቹን ያሳስታል ብሎ ለንግድ ተቆጣጣሪዎች አመልክቷል። ክርክሩ ላይ ካምራ ልክ ነው። እጅ ፓምፑ ቢራው ሕያው ነው የሚል ቃል ነው፤ ያንን የማያሟላ ቢራ በሌላ ቧንቧ ይቀዳ።

ካስክ የሚያተርፍበት ቦታ ለማየት ሼፊልድን የሚያክል የለም። በ1981 ዴቭ ዊኬት ብረት ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ በነበሩበት በኬልሃም አይላንድ ፋት ካት የተባለውን ፐብ ከፈተ፤ በ1990 ደግሞ አጠገቡ ጠማቂ ቤት አቋቋመ። የዚያ ቤት ቢራ ፔል ራይደር በ2004 የብሪታንያ ምርጥ ቢራ ተብሏል። ጠማቂ ቤቱ በ2022 ቢዘጋም ቢራውን ቶርንብሪጅ ይጠምቀዋል፤ አካባቢው ደግሞ በእግር በደቂቃዎች ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚደረስባቸው የካስክ ፐቦች የታወቀ ሆኗል። ፐቦቹ ሲቀራረቡ ገበያውን ተሻምተው ይከስራሉ የሚለው ግምት እዚህ አልሠራም። ካስክ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ወደ ሰፈሩ ይመጣል፣ በየቤቱ አንድ ግማሽ ይጠጣል፣ በርሜሉም በሁለት ቀን ያልቃል።

ደንበኛ ያን ያህል ለሌላት ፐብ በዚህ ዓመት ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ፓምፕ መቀነስ ነው፤ ከሰኞ እስከ ረቡዕ አንድ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት። ሁለተኛው ፒን ነው፤ በቀን 12 ፓይንት የምትሸጥ ቤት 36ቱን በሦስት ቀን ትጨርሳለች። ፒን ለጠማቂው ማጠቢያውም ማጓጓዣውም ለአንድ ሊትር ሲሰላ ስለሚበልጥ ብዙዎቹ አይሞሉትም፤ ወይም ዋጋውን ከፍ ያደርጋሉ። የታክሱ ቅናሽ ለፒን ትንሽ ጨመር ቢልለት ይህን ልዩነት ይሸፍናል፤ ሕጉ ውስጥ የ20 ሊትሩ ወለል አስቀድሞ ስላለ አዲስ አሠራር መፍጠር አያስፈልግም። ሦስተኛው በ2003 የጠፋው አንድ የካስክ ቢራ ከፈለጉት ጠማቂ የመግዛት መብት ነው። ስኮትላንድ በ2025 ሥራ ላይ ባዋለችው የፐቦች ሕግ ተመሳሳይ መብት ለታሰሩ ተከራዮች ሰጥታለች። እንግሊዝ ውስጥ ግን የታሰረች ፐብ ከመንገዱ ማዶ የሚጠመቀውን ቢራ ለደንበኞቿ ለመቅዳት አሁንም የባለ ንብረቱን ፈቃድ ትጠይቃለች።